ሃምሳ ሎሚና ገደል የገባ በሬ

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጨለለቂ ጎረቤት ቡና ላይ አንዲት እናት ያነሱት ጥያቄ የዛሬ ርእሴ ሆኗል። "ሲስተር፣ የዘመዳችን በሬ ወደ ዴዴሳ ቁልቁል ገደል ገብቶ ልጆቼ ሥጋውን ሊያወጡ ወርደው ነበር። ትልቁ ይኸው ሦስት ቀኑ፣ ወገቡን ቀና ማድረግ አቅቶታል። ሥጋ ስናወጣ ልጅ እንዳናጣ ምን ይሻላል?" አሉኝ። ልጁን አይቼ ወደ ሆስፒታል ልኬዋለሁ፤ አሁን ደህና ነው። ጥያቄው ግን የብዙ ቤት ጥያቄ ስለሆነ በዚሁ ገጽ ልመልሰው።

ነገሩን ለከተማ ልጆቻችን ላስረዳ። ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። የዴዴሳ ሸለቆ ወለል ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። በመካከል ያለው አገር ገደልና ሸንተረር ነው። በክረምት መሬቱ ሲያዳልጥ በሬ ይንሸራተትና ይወድቃል። እግሩ ከተሰበረ ተመልሶ አይወጣም። ባለቤቱ ነፍሱ ሳትወጣ እዚያው ያርደዋል፤ ጎረቤትና ዘመድ ይጠራል፤ ሥጋው በቅርጫ ይከፋፈላል። ከየመደቡ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለሌላ በሬ መግዣ መነሻ ይሆነዋል። ስለዚህ ጥሪ የደረሰው ሰው "አልመጣም" አይልም። የሚወርደው ለሥጋው ብቻ ሳይሆን ጎረቤቱ ያለ በሬ እንዳይቀር ነው። ደግ ሥራ ነው፤ እንዲቀር አልፈልግም። የምፈልገው ሰው ሳይጎዳ እንዲሠራ ነው።

አባቶቻችን ከዚህ የባሰ ሸክም ያውቁ ነበር። ዴዴሳ የጎሽ አገር ነው፤ በኦሮምኛ ገፈርሳ እንለዋለን። ጎሽ፣ ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው በኦሮሞ ባህል ትልቅ ክብር ነበረው። አንድ ወይፈን ጎሽ ከ500 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። ይህን ማንም ሰው ተሸክሞ ከሸለቆ አያወጣም። አዛውንት ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ አዳኞቹ እዚያው ወንዝ ዳር ይሰፍሩ ነበር፤ የሚበላውን ይበላሉ፣ የቀረውን ዘልዝለው ቋንጣ ያደርጋሉ፣ ወደ ቤት የሚመለሱት የጀግንነቱን ምልክትና ደርቆ የቀለለውን ሥጋ ይዘው ነው። ዝሆንም እንደዚሁ ነው። በደጃዝማች ኩምሳ ሞረዳ ዘመን ከለቃ ነቀምቴ ለአፄ ምኒልክ የሚላከው ግብር ወርቅና የዝሆን ጥርስ ነበር። ከብዙ ሺህ ኪሎ እንስሳ ከጫካ የሚወጣው ጥርሱ ነበር ማለት ነው። ጥበቡ በጉልበት ብዛት አልነበረም። መጀመሪያ ምን መውጣት እንዳለበትና ምን እዚያው መቅረት እንዳለበት ይለዩ ነበር።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላሳስብ። ዛሬ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ ያስቀጣል። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 541 ጉዳዩን ደንግጎ ነበር። "አያቴ ገዳይ ነበር" ብሎ ጠመንጃ ይዞ ዴዴሳ የሚወርድ ልጅ ካለ አያቱ ራሳቸው ይምከሩት። እንግዲህ ወደ በሬያችን እንመለስ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ሥጋው መውጣት አለበት ወይ የሚለው ነው። በሬው በሕይወት እያለ ከታረደና ደሙ በደንብ ከፈሰሰ መልካም። ሞቶ ከተገኘ ግን፣ "ገደል ገብቶ ነው የሞተው" ቢባልም፣ ቢላዋ አታንሡ። ሲወድቅ ያየው ሰው አለ? ወይስ በአባ ሰንጋ ሞቶ ነው? በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በድንገት ይሞታል፤ ቶሎ ይነፋል፤ ከአፍንጫው፣ ከአፉና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ያለውን ከብት የገፈፈ ሰው እጁ ላይ የማያም፣ መካከሉ የጠቆረ ቁስል ሊያወጣ ይችላል፤ ሥጋውን የበላ ደግሞ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። መቀቀል መድኃኒት አይሆነውም። ጀርሙ አፈር ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለሚቆይ ሬሳውን ሳትከፍቱ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ፤ በሚሰጣችሁ መመሪያ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ያን ጊዜ ከገደሉ የሚወጣ ሸክም የለም።

ሥጋው የሚበላ ከሆነ ሁለተኛው ጥያቄ የሂሳብ ነው። 300 ኪሎ የሚመዝን በሬ ታርዶ ሲገፈፍና ሆድቃው ሲወጣ ግማሽ ያህሉ፣ ማለትም 150 ኪሎ ገደማ ይቀራል። አጥንቱ ሲወጣለት 110 ኪሎ ገደማ ይሆናል። አያችሁ? ገና ማንም ጀርባውን ሳያጎብጥ ከ300 ወደ 110 ወረድን። ስለዚህ ሥጋውን እዚያው ገደል ውስጥ፣ ጥላ ስር፣ ንጹሕ የሙዝ ወይም የእንሰት ቅጠል አንጥፋችሁ ከአጥንት ለዩት። አጥንቱ ለቅቅል ያስፈልጋል የምትሉ ካላችሁ ከሥጋው በኋላ ሰውና ሰዓት ሲተርፍ ይወጣል። ፈርሱን ከምንጭና ከወንዝ ርቃችሁ ቅበሩት፤ ታች ያለው ሰው የሚጠጣው ያንኑ ውሃ ነው።

ቀጥሎ ሙቀቱ አለ። የታረደ ከብት ሥጋ መሃሉ ለሰዓታት እንደሞቀ ይቆያል፤ ቆላ ላይ ደግሞ አየሩም አያግዝም። ትላልቁን ብልት ቆራርጣችሁ በንጹሕ ገመድ ቅርንጫፍ ላይ ስቀሉትና ነፋስ ይምታው። ትኩሱን ሥጋ ፌስታል ውስጥ አትጠቅጥቁ፤ ታፍኖ በራሱ ሙቀት ይበላሻል። በማዳበሪያ ጆንያም አትያዙ፤ ታጥቧል ቢባልም ኬሚካል ይዞ የነበረ ዕቃ ለምግብ አይሆንም። የታጠበ የአቡጀዲ ጨርቅ ከሁሉም ይሻላል፤ ዝንብ ይከለክላል፣ አየር ያስገባል። ያለ ማቀዝቀዣ ሥጋ ከሁለት ሰዓት በላይ ባይቆይ ይመረጣል፤ ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ ባይቆይ ነው የሚባለው። ገደል ውስጥ ይህን መጠበቅ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ሲነጋ ሥሩ፤ ቤት እንደደረሰ በደንብ ይቀቀል ወይም በጨውና በበርበሬ ታሽቶ ቋንጣ ይሁን። ገደል ለገደል ዞሮ የመጣ ሥጋ በጥሬው አይቆረጥም። የኮሶው ነገርም እንዳለ አትርሱ።

አሁን ወደ ወገብ እንምጣ። አንድ ሊትር ውሃ የያዘ ኮዳ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ምንም አይደል። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት፤ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ኮዳው አልከበደም፤ የራቀው ከሰውነታችሁ ነው። ወገብም እንዲሁ ነው። ጎንበስ ብሎ፣ እጅን ዘርግቶ 20 ኪሎ ያነሣ ሰው ወገቡ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከ20 ኪሎ እጅግ ይበልጣል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሰል ክፍል ተጨምቆ ሲወጣና ነርቭ ሲነካ ነው ሕመሙ ከወገብ እስከ እግር የሚወርደው። ከዚያ ላይ ሸክም ይዞ ድንገት መጠምዘዝ ሲታከልበት የባሰ ነው።

የአሜሪካ የሥራ ደህንነትና ጤና ተቋም ሁሉ ነገር በተመቸበት ሁኔታ፣ ማለትም ወለሉ ደልዳላ፣ ዕቃው ለሰውነት የቀረበ፣ መያዣውም ጥሩ ሲሆን፣ በእጅ ለማንሣት ያስቀመጠው ወሰን 23 ኪሎ ነው። ገደል ውስጥ ከዚህ አንዱም የለም። ስለዚህ እኔ ለቤተሰብ የምሰጠው ልክ ከሰውየው ክብደት ሩብ ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ጎልማሳ 15 ኪሎ ይያዝ። 110 ኪሎ ሥጋ ስምንት ሰው ይፈልጋል ማለት ነው። አራት ሰው ብቻ ካለ ሁለት ምልልስ ነው። "አንድ ጊዜ በጥሰን እንውጣ" የሚል ጎረምሳ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ እሱን ዝም ማሰኘት የአያት ሥራ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው የተባለው ለዚህ ነው።

"የኔፓል ሰዎች በግንባራቸው ተሸክመው ተራራ ይወጡ የለም እንዴ?" የሚለኝ ይኖራል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት የኔፓል ወንድ ተሸካሚዎች በአማካይ የራሳቸውን ክብደት 93 ከመቶ ያህል እንደሚሸከሙ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1986 ኬንያ ውስጥ በሴቶች ላይ የተደረገውም ጥናት፣ የክብደታቸውን 20 ከመቶ ያህል ሲሸከሙ ያለ ሸክም ከሚሄዱት የበለጠ ጉልበት እንደማያወጡ አግኝቷል። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ሸክም የለመዱ ናቸው፤ የኔፓሎቹም እያረፉ፣ በዝግታ ነው የሚወጡት። ደግሞስ ጥናቶቹ የለኩት የሚወጣውን ጉልበት እንጂ አንገቱና ጉልበቱ ከሃያ ዓመት በኋላ ምን እንደሚሆን አይደለም። በዓመት አንድ ቀን ገደል የሚወርድ የነቀምቴ ልጅ ኔፓላዊ አይሆንም።

የአሸካከሙን ነገር በየተራ ልናገር።

በጀርባ ከሆነ ሁለት ማንገቻ ይኑረው፤ በአንድ ትከሻ ብቻ አይንጠልጠል። ሸክሙ ወደ ላይ ከፍ ብሎ ጀርባ ላይ ይጣበቅ፤ በሰፊ ጨርቅ ወይም በመቀነት ዳሌ ላይ ይታሰር። ዳሌ ከትከሻ የበለጠ ክብደት ይችላል፤ እናቶቻችን ልጅ የሚያዝሉት እንዲህ አይደል? ሲነሣ ወገብ ሳይሆን ጉልበት ይታጠፍ። ሲታረፍ ሸክሙን መሬት ላይ ከማስቀመጥ ወገብ የሚደርስ ድንጋይ ወይም የመንገድ ዳር ግንብ ላይ ማሳረፍ ይሻላል፤ ብዙ ሰው የሚጎዳው ሲሄድ ሳይሆን ከመሬት ሲያነሣ ነው።

ሁለት ሰው በእንጨት የሚሸከም ከሆነ በቁመት የሚመጣጠኑ ይሁኑ። ሸክሙ እንዳይወዛወዝ ገመዱ ያጥር፤ ዳገት ላይ ወደ ታችኛው ሰው እንዳይንሸራተት እንጨቱ ላይ ጠብቆ ይታሰር። ጠንካራው ሰው ከታች ይሁን። በየጥቂት ደቂቃው ትከሻ ይቀየር።

በአህያ ከሆነ ለአንድ ጤነኛ ጎልማሳ አህያ 50 ኪሎ ገደማ ይበቃል። በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፤ ድልድሉ ወፍራም ይሁን፤ መጫኛው ብብቷን አይቁረጣት። ያረገዘች ወይም ጀርባዋ የቆሰለ አህያ አትጫን። ቀጥ ያለው ዳገት ላይ ሸክሙን አውርዳችሁ ለብቻው አውጡት፤ ከላይ ሆና ትጠብቃችሁ።

በገመድ መጎተት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። በተለይ በድኑን እንዳለ ለመጎተት አትሞክሩ። ከታች ሆኖ የሚገፋ ሰው ፈጽሞ አይኑር። ገመድ ይበጠሳል፤ የተንከባለለ ሸክም ደግሞ ታች የቆመውን ሰው ይጨፈልቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ማን ይሸከም የሚለውን ነው። በወለጋ ጤና ጣቢያዎች ከሠላሳ ዓመት በላይ ስሠራ የታዘብኩት አንድ ልማድ አለ። በሬ ሲወድቅ ወንዶቹ ያርዳሉ፣ ይገፋሉ፣ ይበልታሉ፤ መደቡን ያወጣሉ፤ ከዚያም ሥጋው ወደየቤቱ ሲሄድ ሸክሙ ሴቶቹ ጀርባ ላይ ይወጣል። ወንዱ ቢላዋውን ይዞ ከፊት ይሄዳል። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ አንዷ እናት ነጠላዋን ተከናንባ፣ ሰው እስኪወጣ ጠብቃ፣ "ሲስተር፣ አንድ ነገር ወደ ታች ይወርድብኛል" ትለኛለች። የማህፀን መውጣት ነው። ብዙ መውለድና የረዘመ ምጥ ያላላውን ጅማትና ጡንቻ ከባድ ሸክም ይጨርሰዋል፤ በተለይ አራስነቷን ሳትጨርስ ከተሸከመች። ብዙዎቹ ለዓመታት ደብቀውት የቆዩ ናቸው። ለባላቸውም አይናገሩም። በዚያው ውሃ ይቀዳሉ፣ እንጨት ይለቅማሉ። ለዚህ ችግር ሕክምና አለ፤ የጡንቻ ማጠናከሪያ እንቅስቃሴ አለ፣ ውስጥ የሚቀመጥ ቀለበት አለ፣ ቀዶ ሕክምናም አለ። መጀመሪያ ግን መናገር ያስፈልጋል። አማቶች፣ ምራታችሁን ጠይቋት። ለእናንተ ለመናገር ትፈራ ይሆናል፤ እናንተ ከጀመራችሁት ግን ትናገራለች።

ስለዚህ ከሸክሙ ነፃ የሚሆኑትን አስቀድማችሁ ለዩ፦ ነፍሰ ጡር፣ አራስ፣ ማህፀኗ የወረደባት፣ ብሽሽቱ ላይ እብጠት ያለበት፣ የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ያለበት አዛውንትና ገና አጥንቱ ያልጠና ልጅ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ኮዳና ቅጠል ይያዝ፤ እሱም ሥራ ነው። አዛውንቱ ከላይ ሆነው እሳት ያንድዱ፣ ውሃ ያዘጋጁ፣ የተመለሰውን ሰው ይቁጠሩ። ቆላ ሲወጣ ጥም ይበረታል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ይኑር። ሥራው ከመምሸቱ በፊት ይለቅ፤ ደም ያሸተተ ጅብ ከማንም በፊት ይደርሳል።

ጉዳት ቢደርስስ? ተራ የወገብ ሕመም ከሆነ ልጁን ለሳምንት አልጋ ላይ አታስተኙት። አንድ ሁለት ቀን ካረፈ በኋላ ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ። ነገር ግን እግሩ ከዛለ፣ በጭኖቹ መካከል ያለው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንቱ አልመጣ ወይም አልያዝ ካለ በዚያው ዕለት ሆስፒታል ይግባ፤ የተጨመቀ ነርቭ ቀን አይሰጥም። ብሽሽት ላይ ያለ እብጠት ከጠነከረ፣ ካመመና ማስመለስ ከተከተለም እንዲሁ ነው። ሁለቱም ለወጌሻ የሚሰጡ አይደሉም፤ መታሸት ያባብሳቸዋል።

ሰው ከወደቀ ደግሞ ሥጋው ይቅር። ክንዱን ይዛችሁ አትጎትቱት፤ እንደ ጆንያም ትከሻ ላይ አትጣሉት። ደም ካለ በንጹሕ ጨርቅ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ሁለት ጠንካራ እንጨትና ጋቢ ካለ ቃሬዛ ይሠራል። አንገቱና ጀርባው ሳይጠማዘዝ፣ ሦስትና አራት ሰው በአንድ ቃል ያንሣው። ዳገት ሲወጣ ጭንቅላቱ ከፊት ይሁን፤ ቁልቁል ሲወርድ እግሩ ይቅደም፤ በሁለቱም ጭንቅላቱ ከእግሩ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ስድስት ሰው ይሸከመው፣ ሌላ ስድስት ለቅያሪ ይከተል። ምጥ የጠናባትንም እናት ከሸለቆ የምናወጣት በዚሁ መንገድ ነው፤ አምቡላንሱ እስከሚደርስበት መንገድ ድረስ ያለው የእኛ ድርሻ ነው።

እንግዲህ በዓሉም እየቀረበ ነው፣ መሬቱም ገና አልጠነከረም። የገጠር ዘመድ ስልክ ደውሎ "ኑ" ሲላችሁ ልጆቻችሁን ከመላካችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሬው በሕይወት እያለ ነው የታረደው? ስንት ሰው አለ? ከሴቶቹ ውስጥ መሸከም የሌለባት ማን ናት? መልሱን ሳታገኙ ጆንያ አታዘጋጁ።

ለዛሬ በዚሁ ይብቃኝ። ለሳምንት በሌላ ርእስ እስክንገናኝ፣ ወገባችሁን ጠብቁ፤ ቸር ሰንብቱ።